የሊዲ ቁርስ

ቅዳሜ ጠዋት ኃይለየሱስ ቤተሰቡን ይዞ ከቤት ሲወጣ ትንሿ ልጁ ሊዲ ገና ምንም አልቀመሰችም ነበር። ውኃ አልቆ ነው። የቧንቧው ውኃ አይደለም ያለቀው፤ እሱማ በርሜሉን ሞልቶ ይፈሳል። ያለቀው ጠበሉ ነው። በኃይለየሱስ ቤት ደግሞ ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በማለዳ አንድ ኩባያ ጠበል ሳይጠጣ እህል ወደ አፉ አያስጠጋም።

ነገሩ ልማድ ብቻ ቢሆን አንድ ቀን ቢዘለል ማንም ምንም ባላለ ነበር። ስለት ነበር። ትልቋ ልጁ ሶረቲ የጡት ልጅ ሳለች ትኩሳት ይዟት፣ ዓይኗ ተገልብጦ፣ ሐኪሞቹም አንገታቸውን ደፍተው ዝም ባሉ ጊዜ፣ ኃይለየሱስ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ከደራ ከተማ ማዶ ወዳለው ቆላ ወረደ። እዚያ ከዓለት ሥር እየጨሰ የሚወጣ ውኃ አለ፤ ሰዉ «ፍሉ» ይለዋል። ጠበል ነው። ከዓለቱ ሥር ተንበርክኮ፣ «ይህችን ልጅ ካተረፍክልኝ፣ እሷንም ሆነ ከእሷ በኋላ የምትሰጠኝን ልጅ፣ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው በየጠዋቱ ከዚህ ውኃ ሳላጠጣ እህል አላቀምሳቸውም» ብሎ ተሳለ። ልጅቷ ተረፈች። እሱም ቃሉን ጠበቀ። ሶረቲ ዛሬ አሥረኛ ክፍል ናት፤ የእሷ ስለት ካበቃ ቆይቷል። የሊዲ ግን ገና ነው፤ ሊዲ አምስት ዓመቷ ነው።

ጠበሉን የሚያመጣላቸው በደራ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳው ፈዬራ ነው። ያን ቀን አርፍዶ መጣና አስፋልቱ ዳር አገኛቸው።

«አካም ጅርቱ! ይቅርታ ጋሼ፣ ጎማ አስቸግሮኝ ነው» አለና ጀሪካኑን አወረደ። ኃይለየሱስ ጀሪካኑን ጎረቤት ያለ ሱቅ አስቀመጠና አንድ ሃይላንድ ሞልቶ ለሊዲ አቀረበላት። ሊዲ ከንፈሯን አስነክታ ፊቷን አጨማደደች።

«ይፋጃል!»

«አይፋጅም፣ ሞቅ ያለ ነው እንጂ።»

«ሲበርድ እጠጣለሁ። ወላሂ እጠጣለሁ።»

«ወላሂን ደግሞ ከማን ተማርሽው አንቺ?» አለች እናቷ ዲንቄ እየሳቀች። የጠሩት ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። ዲንቄ ሃይላንዱን ከዳቦው ጋር ፌስታል ውስጥ ከተተችውና «እዚያው ትጠጣለች፣ ውጡ» አለች። ተሳፈሩ።

የሚሄዱት አዳማ ውስጥ አዲስ ወደተከፈተ የሳይንስ ማሳያ አዳራሽ ነው። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የሶረቲ የባዮሎጂ መምህር ነግሯቸው፣ እሷም ካልሄድን ብላ ቤቱን ስትበጠብጥ ሰንብታ ነበር። ኃይለየሱስ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ይሸጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ ለልብስ ሰፊዎች ዋና ቀን ነው። ቢሆንም ሱቁን ዘጋ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም እንጂ ነገር መስማት ይወዳል። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ጠፍቶ አያውቅም። ስለ ኮከብም ይሁን ስለ ንብ፣ የሚያወራ ሰው ካገኘ መቀሱን አስቀምጦ ያዳምጣል።

አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የገረመው ግድግዳው ላይ የተጻፈው ነው፤ «እባክዎ ይንኩ» ይላል። በሕይወቱ ያየው ማስታወቂያ ሁሉ አትንካ፣ አትግባ፣ አትሽና ነበር። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ምኑን እንደሚነካ አጣ።

ሊዲ ግን አላጣችም። አንድ የሚያብለጨልጭ ኳስ ላይ መዳፏን ስታሳርፍ፣ ከሹሩባዋ ያመለጠው ፀጉር ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሷ ስትጮህ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲንቄ ደግሞ ሲነዱት አምፖል የሚያበራ ብስክሌት አገኘች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወጣችበት።

«እማዬ፣ ውረጂ፣ ሰው እያየን ነው!» አለች ሶረቲ።

«ይየኛ! መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄን ቤቴ ባስቀምጠው አይሻልም?» አምፖሉ ቦግ አለ፤ ሁለተኛውም ቦግ አለ፤ ሦስተኛው ላይ ዲንቄ ትንፋሿ አጠረና ወረደች። «በሉ ኃይሌ ይቀጥል፣ እኔ ድርሻዬን አብርቻለሁ።»

«እኔ ከፋይ ነኝ» አለ ኃይለየሱስ።

ሶረቲ ግን ብዙም አልቆመችም። እሷ የመጣችበት ነገር ሌላ ነበር። በአዳራሹ መጨረሻ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከበላዩ «የምትጠጡትን ውኃ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንመርምረው» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። መምህሯ ስለዚህ ጠረጴዛ ነግሯት ነበር። ከቤት ቧንቧ የቀዳችውን ውኃ በትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች።

የሶረቲ ጥርስ ቡናማ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ላይ እንደ ዝገት ያለ መስመር አግድም አልፎባቸዋል። በዚህ ስምጥ ሸለቆ ጥርሱ የበለዘ ሰው ብዙ ነው፤ የገጠሩ ልጅ ሁሉ ጥርሱ እንዲያ ስለሆነ ማንም የማንንም ጥርስ ልብ አይልም። በሶረቲ ክፍል ግን ያሉት የከተማ ልጆች ናቸው፤ «ቸኮሌት» ነው የሚሏት። ዲንቄ በከሰልም በጨውም በሎሚም አሽታላታለች፤ ድዷ እስኪደማ። ጎረቤቱ ከረሜላ ነው ይላል፣ ሌላው አለመታጠብ ነው ይላል። ሶረቲ አባቷን በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «እግዜር የሰጠሽ ነው ልጄ፣ ተመስገን በይ።»

ጠረጴዛው ጋ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ቆሟል። ደረቱ ላይ «ያደታ» ተብሎ ተጽፏል። ሲስቅ ጥርሱ ከሶረቲ የባሰ ቡናማ ነው፤ ቢሆንም እንደልቡ ይስቃል።

«ኑ፣ ኑ! ውኃ የያዘ?» አለ። «ይህ ቀይ መድኃኒት ነው። ውኃው ላይ ስንጨምረው ቅላቱ ካልለቀቀ፣ ጥርስ የሚያበላሸው ነገር፣ ፍሎራይድ የሚባለው፣ ትንሽ ነው ማለት ነው። ቅላቱ ከገረጣ ግን ብዙ አለው። በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። እኔ የባቱ ልጅ ነኝ፤ የኛ ጉድጓድ ውኃ እንደ ጠጅ ነበር የሚጥመው። ይኸው ውጤቱ!» ብሎ ጥርሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ሰዉ ሳቀ።

ሶረቲ ጠርሙሷን ሰጠችው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀድቶ ቀዩን ጨመረበት፤ ነቀነቀው። እንደቀላ ቀረ።

«ደህና ውኃ ነው። የት ሰፈር ነው?»

«እዚሁ አዳማ። የቧንቧ ነው» አለች ሶረቲ። ድምጿ ቅር እንዳላት ያሳብቃል። «ይሄ ደህና ከሆነ ታዲያ የኔ ጥርስ?»

ያደታ ጠጋ ብሎ አያት። አልሳቀም አሁን። «የተወለድሽው እዚሁ ነው?»

«እዚሁ።»

«ልጅ ሆነሽ፣ ትምህርት ቤት ሳትገቢ፣ ዘወትር የምትጠጪው ሌላ ውኃ ነበር? የጉድጓድ፣ የፍል ውኃ?»

ሶረቲ ዞር ብላ እናቷ እጅ ላይ ያለውን ፌስታል አየች። ከዚያ እጇን ሰድዳ ሃይላንዱን አወጣችው።

ኃይለየሱስ ከኋላዋ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ሶረቲ፣ ስጪኝ። ጠበል በመድኃኒት አይፈተንም።»

«አባዬ፣ ውኃ ነው።»

«ውኃ ብቻ አይደለም።»

«ውኃም ነው እኮ።»

ያደታ ሁለቱንም አየና እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አልነካውም» አለ። ከኋላ ልጆቿን ያሰለፈች ሴት «ምን ሆነ? ካልሆነ እለፉ እንጂ!» አለች።

ኃይለየሱስ የእግዚአብሔርን ቁጣ የፈራ መስሎት ነበር። ቆም ብሎ ራሱን ሲያዳምጥ ግን የፈራው መልሱን ነው። ጠበል መሆኑን አይጠራጠርም። ልጁ ድናለታለች፤ በዓይኑ አይቷል። ግን ያቺው የዳነችለት ልጅ አሁን ሃይላንዱን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች፤ እሱን ሳትሰማ ራሷ መቅዳት ስትችል ትጠብቀዋለች።

«ጨምርበት» አለ።

ያደታ ቀዳና ቀዩን ጨመረ። ቱቦው ውስጥ ቅላቱ ለጥቂት ጊዜ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ልብስ ፀሐይ ላይ ውሎ እንደሚለቀው ለቀቀ። ቢጫ የመሰለ የገረጣ ነገር ቀረ። ያደታ ሌላ ንጹሕ ቱቦ አነሳና ደገመው። ያው ሆነ።

«ከየት ነው ጋሼ?»

«የፍል ውኃ ጠበል ነው። ቆላ።»

ያደታ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ እኔ ስለ ጠበሉ ምንም ማለት አልችልም፤ የማውቀው ስለ ውኃው ነው። ከምድር ሥር ከእሳተ ገሞራው ዓለት እየታጠበ ነው የሚመጣው። ትልቅ ሰው ቢጠጣው ጥርሱን አይለውጠውም፣ ተሠርቶ ያለቀ ጥርስ ነው። የልጅ ጥርስ ግን ድዱ ውስጥ ገና እየተሠራ ነው፤ በየቀኑ ሲጠጣው ከሥሩ ይበላሻል። ይቺስ ትጠጣለች?» ሊዲን ነው የሚያየው።

«ትጠጣለች» አለች ዲንቄ።

«የወተት ጥርሷ ነጭ ነው፤ እሱ አያታልላችሁ። የሚተካው ነው ዋናው።»

«አሁን ብታቆምስ?» ጠየቀች ዲንቄ።

«ምን ያህሉ እንደተነካ ዛሬ ማንም አይነግራችሁም፤ ሲወጣ ነው የሚታየው። የፊቶቹ በአብዛኛው ተሠርተው አልቀው ይሆናል። ግን ሌሎቹ ገና ናቸው። ነገ ከማቆም ዛሬ ይሻላል።»

ሶረቲ ሁሉንም ሰማች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ሃይላንዱን ከድናው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከአባቷ ራቅ ብላ ቆመች።

ዲንቄ ሃይላንዱን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችውና ወጡ። ግቢው ውስጥ ከግራር ሥር አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። ሊዲ የእናቷን ቀሚስ ይዛ እየተጎተተች፣ «አሁን በርዷል? ልጠጣው? ራበኝ!» ትላለች። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ በዚህ ሰዓት ሌላ ቀን ቢሆን ሁለተኛ ቁርሷን ጨርሳ ነበር።

ዲንቄ ዳቦውን ከፌስታሉ አወጣች፤ አልቆረሰችውም። ባሏን አየችው። «እኔ አልተሳልኩም፤ አንተ ነህ የተሳልከው። አፍርሰው ብዬ በአፌ አልናገርም። አጠጣትም አልልህም። ልጅቷ ግን ርቧታል። አንተ ንገረኝ።»

ኃይለየሱስ ዳቦውን ተቀበላት። ባረከ፤ ቆረሰ፤ ለሊዲ ዘረጋላት።

ሊዲ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። «ጠበሌንስ?»

«ዛሬ ቀርቷል። ብዪ።»

«አይሆንም! ጠበል ሳይጠጡ መብላት ኃጢአት ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እና?»

እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብሎ አላሰበም። አምስት ዓመት ሙሉ ያስተማራትን እንዴት በአንድ ጠዋት ያፍርስባት? ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «እንግዲያው ኃጢአቱ የኔ ነው። ቃሉን የገባሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አልገባሽም። አንቺ ብዪ፣ እኔ ከእግዜር ጋር እነጋገራለሁ።»

«ይቆጣሃል?»

«እንጃ። ይቆጣኝ ይሆናል።»

ሊዲ አሰበችበት። ከዚያ ዳቦውን ወሰደችና በሁለቱም ጉንጮቿ ሞላችው። ዲንቄ ፊቷን አዙራ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ በይ፣ ያንቅሻል» አለች። 

ሶረቲ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ኃይለየሱስ ወደ እሷ ሄደ፤ ከአጠገቧ ተቀመጠ። 

«ብታውቅ ኖሮስ?» አለችው። «ያኔ ብታውቅ፣ ለኔም ታፈርሰው ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «ያን ቀን፣ ጥርሷን ወይስ እሷን ቢሉኝ፣ እሷን ነበር የምለው። ሞተሽ ነበር እኮ ሶሪ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን... እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም። ፈሪ ነኝ። ቃሌን ባፈርስ እግዜር ይወስድሽብኛል ብዬ እፈራ ነበር።»

«መጠየቅ ትችል ነበር።»

«ማንን?»

«ማንንም! ሱቅ የገባውን ሁሉ ስለ ሁሉም ነገር ትጠይቃለህ፣ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። እኔ ጥርሴ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁህ? እግዜር የሰጠሽ ነው ትለኛለህ። እግዜር አልነበረም፤ ኩባያው ነው።»

 «ልክ ነሽ» አለ ብቻ። ሶረቲ እንዲህ ቶሎ ይላል ብላ አልጠበቀችም መሰል፣ ተነስታ ወደ ሊዲ ሄደች። እስከ ማታ አላነጋገረችውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን፣ ኃይለየሱስ የንስሐ አባቱን ቄስ ሰንበታን ለማግኘት ሲቀር፣ ሶረቲ «እኔም እመጣለሁ» አለች። አስከትሏት ሄደ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ዋርካው ሥር አገኟቸው። ቄስ ሰንበታ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ሳትጠይቀኝ ነው ያፈረስከው?»

«አዎ አባቴ። ልጅቷ ርቧት ነበር።»

«ስንት ሰው የተፈወሰበትን ውኃ ለአንድ ጎረምሳ ብልቃጥ አሳልፈህ ሰጠህ?»

«የእኔም ልጅ ተፈውሳበታለች አባቴ። ይቺ ናት የዳነችው፤ ይኸው ቆማለች። ያም እውነት ነው፤ ትናንት ያየሁትም እውነት ነው። መጠመቁን አልተውም፣ ሊዲንም አስጠምቃታለሁ። አላጠጣትም እንጂ። ስለቴን አፍርሻለሁ፣ ቀኖና ይስጡኝ።»

ቄሱ ተቆጥተዋል፤ ግን ቁጣቸው ወዴት እንደሚሄድ ያጡ ይመስላሉ። «ወር ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለህ። ስግደቱንም እነግርሃለሁ» አሉ። ኃይለየሱስ መስቀል ተሳለመ።

«አባ» አለች ሶረቲ። «ሌሎቹ ልጆችስ? እዚያ በየሳምንቱ በጀሪካን የሚወስድ ሰው ስንት ነው? ለልጆቻቸው ነው እኮ የሚያጠጡት።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የአንቺ ነገር አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ? ይዩት።» ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ አሳየቻቸው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኃይለየሱስ «ተይ፣ ከአባት ጋር እንዲህ አይወራም» ይላት ነበር። አሁን ተዋት። ቄስ ሰንበታ መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ፤ አጠለቁ፤ ጎንበስ ብለው አዩ። ቆይተው ቀና አሉ።

«ለሚመለከተው እናገራለሁ» አሉ።

«መቼ?»

ቄሱ ኃይለየሱስን አዩት፤ ልጅህን ያዝልኝ እንደማለት። ኃይለየሱስም አንገቱን ደፍቶ መልሱን ጠበቀ፤ እሱም መስማት ይፈልግ ነበር።

«በዚህ ሳምንት» አሉ ቄስ ሰንበታ። «ይዘሃት መምጣት አለብህ። የጠበሉን አባቶች እኔ በአፌ ብነግራቸው አያምኑኝም።»

ሶረቲ ሲመለሱ ከአባቷ ጎን ጎን ሄደች። ብዙ አላወራችም፤ «ስግደቱ ስንት ቢሆን ነው?» ብላ ጠየቀችው፣ «ጉልበትህ ይችለዋል?» አለችው፣ እሱም «እናያለን» አላት።

ሰኞ ጠዋት ሊዲ ከአልጋዋ ወርዳ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ዲንቄ ሻይና ዳቦ አቀረበችላት። ሊዲ አባቷን አየች፣ ሻዩን አየች፣ ደግሞ አባቷን አየች፤ ከዚያ ዳቦዋን ሻዩ ውስጥ ነከረች። ኃይለየሱስ ምንም ሳይቀምስ ጫማውን አሰረና ሱቁን ሊከፍት ወጣ።